ወደ ፔሩ ከመሄዳችን በፊት ምን እናንብብ?

ከሠራዊት አገልግሎት በኋላ ወደ ደቡብ አሜሪካ ለሚጓዙ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው በማኅበራችን አዳራሽ የተደረገ ንግግር

 

አስቀድመን ለወላጆች አንድ ነገር እንበል። ልጃችሁ ከጻባ በተለቀቀ በወሩ «ደቡብ አሜሪካ ልሄድ ነው» ሲላችሁ ብትደነግጡ አንፈርድባችሁም። «እኛ የሱዳንን በረሃ በእግራችን ያቋረጥነው ኢየሩሳሌም ለመግባት ነው፤ አንተ ምን ጎድሎህ ነው የምትወጣው?» ትላላችሁ። ይህን ጥያቄ እያንዳንዳችን በየቤታችን ሰምተነዋል። መልሱን መጨረሻ ላይ እንሞክረዋለን።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አራታችን ፔሩ ሄደን ነበር። ሙቺላችንን ስናዘጋጅ የትኛው ጫማ ይሻላል፣ ስንት ዶላር ይበቃል እያልን ወር ሙሉ ተከራከርን። ስለ አገሩ ሰዎች ግን አንድ ገጽ እንኳ አላነበብንም። ኩስኮ በገባን በሦስተኛው ቀን፣ በገበያው በር አንዲት አሮጊት እናት ድንች ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጓደኛችን ካሜራውን አውጥቶ ፊታቸው ላይ ደገነ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ጀርባቸውን ሰጡን። ማታ እራት ላይ ከእኛ አንዷ «አያቴም በስግድ ቀን እንዲህ ነው የምታደርገው» አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

እውነት ነው እኮ! በስግድ ዕለት የማናውቀው ሰው ሳይጠይቅ የአያቶቻችንን ፊት ሲያነሳ ስንት ጊዜ ተናደናል? ስለ እኛም የውጭ ተጓዦች ብዙ ጽፈዋል፤ ራሳችንን በማንጠራበት ስም ሳይቀር ጠርተውናል። ታድያ ይህን የምናውቅ ልጆች፣ ሌላውን ሕዝብ እንደ መልክዓ ምድር ብቻ አይተን መመለስ አለብን? እኛ መጻሕፍቱን ያነበብናቸው ከተመለስን በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ አንብቡ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ስለዚህ የምንጀምረው ከአገሩ ልጅ ነው። ሆሴ ማሪያ አርጌዳስ በ1911 በፔሩ ተራሮች ተወለደ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት በእንጀራ እናቱ ቤት ከኬቿ ተናጋሪ አገልጋዮች ጋር አደገ፤ ቋንቋቸውንም የራሱ አደረገው። በ1958 ያሳተመው «ጥልቅ ወንዞች» የተባለው ልብ ወለድ፣ ኤርኔስቶ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ የሚማርበት ቋንቋና ልቡ የሚናገርበት ቋንቋ ይለያያሉ። ይህ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፉ የሚከፈተው በኩስኮ ነው፤ ልጁ የኢንካዎችን የድንጋይ ግንብ በእጁ እየዳሰሰ ያናግረዋል። እኛ በዚያው ግንብ ሥር ቆመን ፎቶ ተነሥተን አልፈናል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ቺቻ ሻጭ ሴቶች አሉ። ቺቻ ከበቆሎ የሚጠመቅ፣ የእኛን ጠላ የሚመስል መጠጥ ነው። እነዚህ ሴቶች ጨው ተደብቆ ሕዝቡ ሲቸገር መጋዘኑን ሰብረው ጨውን ለድሆች ያከፋፍላሉ። ይህን ያነበበ ሰው በገበያ የተቀመጠችን ሴት ዳግመኛ እንደ ጌጥ አያያትም።

ሁለተኛው ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ ነው። በ2010 የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ በ2025 ያረፈ ደራሲ ነው። ብዙ መጻሕፍቱ በዕብራይስጥ ስለተተረጎሙ የሠፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። እኛ የምንመክረው በ1987 የወጣውን «ተራኪው»ን ነው። ሳኡል ሱራታስ የሚባል የአይሁዳዊ አባት ልጅ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በአማዞን ደን ወደሚኖሩት ማቺጌንጋ ወደሚባሉት ሰዎች ይገባል። እዚያም በጫካው ተበታትነው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከቤት ቤት እየዞረ ታሪካቸውን የሚነግር ሰው ይሆናል። የተበታተነን ሕዝብ አንድ የሚያደርገው ተረቱ ነው የሚለውን ሐሳብ የእኛ ሽማግሌዎች ሳያነቡት ያውቁታል።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ግን አትዝለሉት። ከ1980 እስከ 2000 ፔሩ «አንጸባራቂው ጎዳና» በተባለው ታጣቂ ቡድንና በመንግሥት ጦር መካከል ደም ፈሶባታል። በ2003 ሪፖርቱን ያቀረበው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን የሞቱትና የጠፉት ከ69,000 በላይ እንደሚሆኑ ገምቷል። ከአራቱ ሦስቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኬቿ ወይም ሌላ የነባር ሕዝብ ቋንቋ ነበር። የቫርጋስ ዮሳ «ሞት በአንዲስ» የተጻፈው ስለዚያ ዘመን ነው። ሊማ ስትደርሱ ደግሞ በሚራፍሎሬስ ሠፈር ያለውን የመታሰቢያ ሙዚየም ጎብኙ። ያነጋገርናቸው አንድ የመኪና ሾፌር ወንድማቸው እንደጠፋ ሲነግሩን፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባንም ነበር። ዛሬም ያሳፍረናል።

ማንበብ የሚሰለቸው አለ? ለእሱ ጓማን ፖማ አለለት። በ1615 አካባቢ ይህ የአገሬው ተወላጅ ለስፔን ንጉሥ 1,189 ገጽ ጽፎ ጨረሰ፤ 398ቱ በእጁ የተሣሉ ሥዕሎች ናቸው። የሕዝቡን ታሪክና ሹማምንቱ የሚያደርሱበትን በደል ይዘረዝራል። ጽሑፉ በ1908 በዴንማርክ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ አሁን በኢንተርኔት በነፃ ይታያል።

ስለ ማቹ ፒቹ የአሜሪካዊውን የሂራም ቢንግሃምን «የጠፋችው የኢንካዎች ከተማ» ማንበብ ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በ1911 እዚያ ሲደርስ መንገድ ያሳየው የአካባቢው ገበሬ ነው፤ በእርከኖቹም ላይ ቤተሰቦች እያረሱ ይኖሩ ነበር። ታድያ ከተማዋ የጠፋችው ለማን ነው?

በመጨረሻ ከቤታችን የሚቀርብ መጽሐፍ አለ፤ የግራሲኤላ ሞችኮፍስኪ «የአንዲስ ነቢይ»። በካሃማርካ አካባቢ መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው መርምረው ወደ አይሁድ እምነት የመጡ ገበሬዎችን ታሪክ ይናገራል። ብዙዎቹ ከ1990 ጀምሮ ወደ እስራኤል ገቡ። «አይሁዳዊ ማነው፣ የሚወስነውስ ማነው?» የሚለው ጥያቄ እነሱንም አግኝቷቸዋል። ወላጆቻችን ይህን ጥያቄ ያውቁታል።

ለጉዞው ደግሞ ሁለት አጭር ምክር። ኩስኮ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ማቹ ፒቹ ግን ወደ 2,430 ዝቅ ይላል። ወላጆቻችን ደገኞች ቢሆኑም እኛ ያደግነው ቆላ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ በሉ። ሁለተኛ፣ በኬቿ ሰላምታው «አሊያንቹ» ነው፣ ምስጋናው «ሱልፓይኪ»። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን አውጡ።

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ፤ ምን ጎድሎን ነው የምንሄደው? ከአራታችን አንዱ ያንን የጨው ታሪክ ለአባቱ በአማርኛ እየተረጎመ ነገራቸው። አባትየው ቡናቸውን አስቀምጠው ስለ አሞሌ ጨው፣ ስለ መንደራቸው ገበያ ማውራት ጀመሩ። ከጨው ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መንገድ እያሉ፣ በሱዳን በኩል የመጡበትን ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገሩት። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጁ ከዚህ በፊት ጠይቋቸው አያውቅም ነበር፤ የሰውን ታሪክ መጠየቅ የተማረው በሰው አገር ነው።

እናም ለዘንድሮ መንገደኞች፦ ከስድስቱ አንዷን ብቻ ብታነቡ እንኳ ይበቃል፤ ያነበባችሁትን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ለእናት ለአባታችሁ ንገሯቸው። ወላጆቻችን ደግሞ መርቃችሁ ሸኙን። በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ!