የቆሎ ተማሪ ጎጆ

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሲባል ግንብና ቆርቆሮ ይታየን ይሆናል። በእኛ አገር ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ አለ። ከይፋግ ተነሥታችሁ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጋይንት ስትሄዱ፣ ትምህርት ባለበት ደብር ዙሪያ ትንንሽ ጎጆዎችን ታያላችሁ። የቆሎ ተማሪ ማደሪያ ናቸው።

ጎጆውን የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነው። እንጨት ይቆርጣል፣ ሣር ያጭዳል። ልብሱ ደበሎ፣ ዕቃው አኩፋዳ ነው። ንባብና ዳዊት ከጨረሰ በኋላ የሚፈልገውን ትምህርት ፍለጋ አገር ያቋርጣል። ድጓ ቢሻ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ቢሻ ዙር አምባ፣ ተክሌ አቋቋም ቢሻ ደብረ ታቦር ይወርዳል። ይህ አቋቋም የሚጠራው በአለቃ ገብረ ሐና ልጅ በተክሌ ስም ነው። አለቃን በቀልዳቸው የማያውቅ የለም፤ ሊቅነታቸውን ግን ብዙዎቻችን እንረሳለን። የተወለዱትም እዚሁ ጎረቤታችን ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው።

የኔታ ያስተምራሉ፤ የቀደመው ተማሪ ደግሞ የኋለኛውን ያስቀጽላል። ብራና ውድ ስለሆነ ትምህርቱ በቃል ይያዛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተማሪ ማን ቀለበው? ገበሬው ነዋ! ተማሪው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ እናቶቻችን ውሻውን ይዘው ቁራሽ እንጀራ፣ እሱ ቢታጣ ቆሎ ሰጡት። በእኛ አስተያየት የዚያ ትምህርት ቤት ምሰሶው ይኸው ቁራሽ ነው። ነገር ግን ቁራሹን የሰጠው ገበሬ ራሱ፣ ደብዳቤ ሲደርሰው አንባቢ ፍለጋ ይዞር ነበር። ሴት ልጅማ ጉባኤ ቤት እንድትገባ ልማዱ አይፈቅድላትም። እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህር እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ብዙው አባትና እናት ፊደል ለመቁጠር የተቀመጡት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ አዳሪ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር የሚመጡ ልጆች ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ሦስትም አራትም ሆነው ያድራሉ። ከቤት የመጣው እንጀራ ሲደርቅ ድርቆሽ አድርገው ይበሉታል። ስንቅ ሲያልቅ ትምህርቱን የሚተው አለ። ሴቷ ግን ስንቋ ሳያልቅም «ነይ፣ እናትሽን አግዢ» ተብላ ትጠራለች።

እንግዲህ ለማናውቀው ተማሪ ቁራሽ ያልነፈግን ሰዎች ነን። በገበያ ቀን አህያው ሲጫን ለወንድሟ የሚላከው ዱቄትና ሽሮ ለእሷም ይላክ። አብራት የምታድር የጎረቤት ልጅ ካለች ደግሞ ትንሽ ይጨመርበት።