ስለ ገንዘብ የጠየቀች ጋዜጠኛ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ኢራናዊቷ ጋዜጠኛ ማሲህ አሊነጃድ ነው። በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ኢራን፣ በማዛንደራን ገጠር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች። ቴህራን ገብታም የፓርላማ ዘጋቢ ሆነች። በ2005 የምክር ቤት አባላት ስለሚከፈላቸው ጥቅማ ጥቅም ማስረጃ ይዛ ጻፈች። ፓርላማው በሩን ዘጋባት። እኛ መዝገብ ገልጠን ገቢና ወጪ ስናነብ "ይሄ ብር የት ገባ?" የምትል እህት ትነሳ የለም? እሷም የጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

በ2009 ከአገሯ ወጣች፤ አልተመለሰችም። በእንግሊዝ ተማረች፣ ኋላም አሜሪካ ሆና በአሜሪካ ድምፅ የፋርስኛ ክፍል ፕሮግራም አቀረበች። በ2014 በከፈተችው የፌስቡክ ገጽ ላይ የኢራን ሴቶች ያለ ሻሽ የተነሡትን ፎቶ ይልኩላት ጀመር። በአገሩ ሕግ ይህ ያስቀጣል።

በመካከላችን ሒጃብ የምንለብስ አለን። የማሲህም እናት ይለብሳሉ። የእሷ ክርክር ከሚያስገድደው ሕግ ጋር ነው፤ መልበስም አለመልበስም የሴቲቱ ፈቃድ ይሁን ትላለች።

ዋጋውን ግን ብቻዋን አልከፈለችም። በ2018 እህቷ በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀርባ አወገዘቻት። በ2019 ወንድሟ ታሰረ፤ በማግስቱ ዓመት 8 ዓመት ተፈረደበት። በ2021 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ እሷን ከኒውዮርክ አፍነው ሊወስዱ አሲረዋል ያላቸውን ኢራናውያን ከሰሰ፤ የኢራን መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ አለው። በ2022 ቤቷ አካባቢ መሣሪያ የያዘ ሰው ተያዘ። በ2025 ሊያስገድሏት ያሴሩ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 25 ዓመት ተፈረደባቸው።

ከአሜሪካ ባለሥልጣናት ጋር መገናኘቷን የሚነቅፉ ኢራናውያንም አሉ። በዚያ ላይ እኛ አንፈርድም። ልጆቻችን በዐረብ አገር ያሉብን እናቶች ግን፣ የራቀ ሰው የተናገረው ቃል እቤት የቀረውን እንደሚያስጨንቅ እናውቃለን።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእንግዲህ ስለ ሒሳባችን የጠየቀች አባል ጥያቄዋና የተሰጣት መልስ በቃለ ጉባኤው ይስፈር። በስብሰባ የተነሣው ጥያቄ ቡና ላይ ሐሜት ሆኖ አይመለስባት። ደጋፊዎቻችንም ጠይቁን፤ መዝገቡ ክፍት ነው።