ከኪስ አጀንዳ ወደ ኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ አስፋልት መናገር የተለመደ ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ግን በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ ነገርን የሚመለከት ነው። ይኸውም የመሐንዲስ የኪስ አጀንዳ ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በሚዛወርበት ጊዜ ስለሚያጋጥመው ችግርና ስለ መፍትሔው ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ሳይታሰብበት ሲቀር የሚያስከትለው ጉዳት ከእኛ አልፎ እኛን አምኖ ለሚጠብቅ ሰው የሚተርፍ መሆኑን በራሴ ላይ ከደረሰው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳባት በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚወርደው መንገድ ዳር የውኃ መውረጃዎችን እንመረምር ነበር። አካባቢውን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ መንገዱ ከዚያ ተነሥቶ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ለብዙ ዓመታት በወረቀት አጀንዳ ስጽፈው የኖርሁትን የሰዎች ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀንና የመስክ ማስታወሻ በሙሉ ወደ አንድ የእጅ መሣሪያ አዛወርሁ። ሥራውን በሁለት ሌሊት ስለ ጨረስሁ ራሴን እንደ ሠለጠነ ሰው ቆጠርሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የውኃ መውረጃው በማሳቸው ከሚያልፍባቸው ገበሬዎች ጋር ልኬት ለማድረግ ከጧቱ 3 ሰዓት ተቃጥረን ነበር። በመሣሪያው ላይ የጻፍሁት ቁጥር 3፡00 የሚል ነበር። መሣሪያው ግን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የእርሱ 3፡00 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደወለ፤ እኔም የመሣሪያው ብልሽት መስሎኝ አጠፋሁትና ተኛሁ። ሲነጋም በመሣሪያው ላይ ሌላ ቀጠሮ ስላልነበረ ወደ ዳባት ለሌላ ሥራ ሄድሁ። ሰዎቹ እስከ እኩለ ቀን ጠብቀው ተበተኑ። ከእነርሱም አንዷ ከቆላው በእግራቸው ዳገቱን የወጡ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። በማግስቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ስሄድ፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ባልኸው ሰዓት ደርሰን ነበር፤ ያንተ መሣሪያ የማንን ሰዓት ነው የሚቆጥረው?» አሉኝ። ለጊዜው የምመልሰው አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ለማለት ይቻላል።

የመሣሪያው አመጣጥ

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት የዚህን መሣሪያ ታሪክ ባጭሩ መመልከት ይጠቅማል። ሳየን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 «ኦርጋናይዘር» የሚል ስም የሰጠውን የእጅ መሣሪያ አወጣ። አፕል «ኒውተን» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ አቀረበ። በ1996 ደግሞ በሸሚዝ ኪስ የሚገባውና በብዙ አገሮች የታወቀው «ፓልም ፓይለት» ወጣ። የዚህ የመጨረሻው ዋና ሥራ አራት ነበር፤ ይኸውም የሰው አድራሻ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የሥራ ዝርዝርና አጭር ማስታወሻ መያዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለዚህ ተግባር ብቻ የተሠሩት መሣሪያዎች ከገበያ ወጥተው፣ ሥራቸውን የኪስ ስልክና ታብሌት ወርሰውታል። ይሁን እንጂ የጥንቶቹ ሁለት ትምህርት ትተውልን አልፈዋል። አንደኛው፣ የቀድሞው ፓልም መረጃውን የሚይዘው ባትሪ እስካለው ድረስ ብቻ ስለነበረ፣ ባትሪው ፈጽሞ ሲያልቅ በሌላ ስፍራ ያልተገለበጠ መረጃ ይጠፋ ነበር። ሁለተኛው፣ በብዕር የሚጻፍበት ዘዴ ለላቲን ፊደል የታሰበ ሲሆን፣ 33 ፊደል በሰባት ድምፅ ተባዝቶ 231 ቅርጽ ያለው፣ ከዚያም በላይ ዲቃሎች የሚጨመሩበት የእኛ ጽሕፈት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ በዘመኑ መሣሪያውን የያዘ ኢትዮጵያዊ የወዳጁን ስም በባዕድ ፊደል ለመጻፍ ይገደድ ነበር።

ስለ ምርጫ

መሣሪያ በሚመረጥበት ጊዜ ሻጩ ስለ ፍጥነቱና ስለ ፎቶግራፍ ማንሻው ይነግረናል። እኔ የማቀርባቸው መመዘኛዎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው።

ሀ) ፊደል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ቋሚ ስፍራ አግኝቷል። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው አደራደር በላቲን ፊደል ስፍራ ያኖሩት ነበር። ስለሆነም መሣሪያው አማርኛን ማሳየቱ ብቻ አይበቃም፤ በዩኒኮድ መጻፍ፣ መፈለግና በፊደል ተራ መደርደር መቻሉን በሱቁ ውስጥ እንዳለን መሞከር ይገባናል።

ለ) የቀን አቆጣጠር። መሣሪያው ወይም በላዩ የሚጫነው ፕሮግራም ዐሥራ ሦስት ወሮችን፣ ጳጉሜንን ጭምር፣ የሚያውቅ መሆን አለበት። እንደሚታወቀው ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን፣ በሌሎቹ ዘመናት አምስት ቀን ነች። ይህን የማያውቅ መሣሪያ የመስከረምን ቀጠሮ ያዛባል።

ሐ) ኃይልና ብርድ። የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጊዜ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። በሰሜን ተራሮች ሌሊቱን በድንኳን ያደረ መሣሪያ ጧት ባዶ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ባትሪው የሚለወጥ ወይም ከውጭ የሚሞላበት መንገድ ያለው ይመረጣል፤ ሌሊት ከልብስ ውስጥ አድርጎ ማሳደርም ይረዳል።

መ) ያለ ኢንተርኔት መሥራት። ብዙዎቹ የዛሬ ፕሮግራሞች መረጃችንን በሩቅ አገር ባለ ኮምፒዩተር ያስቀምጣሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አድራሻውን ሁሉ በዚያ ያከማቸ ሰው ምን እንደ ደረሰበት አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መረጃው በመሣሪያው ውስጥ በሙሉ መኖር አለበት፤ የሩቁ ኮምፒዩተር ተጨማሪ ቅጂ እንጂ ዋና ግምጃ ቤት ሊሆን አይገባውም።

ሠ) መውጫ በር። ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ይህ ነው። መረጃውን ወደ ውስጥ የሚቀበል መሣሪያ ሁሉ፣ ሌላ መሣሪያ ሊያነበው በሚችል የታወቀ ቅርጽ መልሶ የማያወጣ ከሆነ ለባለቤቱ ወጥመድ ነው። ለአድራሻ ቪካርድ፣ ለቀጠሮ አይካሌንደር፣ ለሠንጠረዥ በነጠላ ሰረዝ የተለየ ተራ ጽሑፍ በሁሉም ዘንድ የታወቁ ቅርጾች ናቸው።

ስለ ማዛወር

መሣሪያው ከተመረጠ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል። በመሠረቱ ማዛወር ማለት መገልበጥ ብቻ አይደለም፤ ለአንዱ አንባቢ የተጻፈውን ለሌላ አንባቢ መተርጐም ነው። በወረቀት አጀንዳዬ ላይ «3 ሰዓት» ብዬ ስጽፍ አንባቢው እኔ ስለሆንሁ ጧት መሆኑን መግለጽ አላስፈለገኝም። መሣሪያው ግን ያልተነገረውን አያውቅም።

ቀንን እንውሰድ። በአጀንዳው ላይ 12/3/2010 ተብሎ የተጻፈው ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለት ሲሆን፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2017 ነው። መሣሪያው ግን ይህንኑ ቁጥር እንደ አቀማመጡ ዲሴምበር 3 ወይም ማርች 12 ቀን 2010 አድርጎ ይወስደዋል። ስሕተቱም ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በየወሩ በ12 የሚውል ማኅበር ያለውም ሰው እንዲሁ ይቸገራል። ከኅዳር 12 ተነሥቶ «በየወሩ በ21» ብሎ ቢያዝዘው፣ መሣሪያው በጥር ወር በ13 ይጠራዋል። «በየ30 ቀኑ» ቢለው እስከ ነሐሴ በትክክል ይሄድና፣ በአምስት ቀን ጳጉሜን ምክንያት የመስከረሙን ማኅበር በ7 ያደርገዋል። መፍትሔው የእኛን አቆጣጠር በሚያውቅ ፕሮግራም መጠቀም፣ ይህ ካልተገኘም የዓመቱን ቀኖች አንድ በአንድ ማስገባትና ከቀጠሮው ስም አጠገብ የአገራችንን ቀንና ሰዓት በቃላት መጻፍ ነው። እኔ አሁን «ከጧቱ 3 ሰዓት» ብዬ ሳልጽፍ አንድም ቀጠሮ አላስገባም።

ከቀን ቀጥሎ ስም ይመጣል። መሣሪያው የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን አለው፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን ስምና የአባታችን ስም ነው ያለን። የአባት ስም በዚያ ሣጥን ከገባና መሣሪያው በእርሱ ከደረደረ፣ የምናውቀውን ሰው በማናውቀው ስም ለመፈለግ እንገደዳለን። ስለዚህ ሁለቱንም በመጀመሪያው ሣጥን አንድ ላይ መጻፍ ይሻላል። በተጨማሪም በአንድ ድምፅ የሚነበቡ ፊደሎች አሉን። «ዓለሙ» ብሎ የጻፈ ሰው «አለሙ» ብሎ ቢፈልግ፣ «ኃይሉ»ን «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልግ ብዙውን ጊዜ አያገኝም፤ ለመሣሪያው የተለያዩ ናቸውና። ስለዚህ ሰውየው ራሱ ስሙን እንደሚጽፈው መጻፍና በማስታወሻው ቦታ ሁለተኛውን አጻጻፍ መጨመር ይጠቅማል።

ስም ብቻውን ሰውን እንደማይለይ ደግሞ ከዚሁ ከዳባት ልንማር እንችላለን። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በወረዳው ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ኖሯል። እንዲህ ባለው ምዝገባ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆኑ ሰዎች ስለሚገኙ ነው። እኛም ለካሳ ወይም ለልኬት የምንይዘው ዝርዝር ከስሙ ጋር ቀበሌን፣ ጎጥንና መለያ ቁጥርን ካልያዘ፣ የአንዱን ገበሬ ድርሻ ለሌላው ልናደርገው እንችላለን።

የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የአገራችን የስልክ ቁጥር አሠራር በመስከረም 1998 ዓ.ም. ስለ ተለወጠ፣ ከዚያ በፊት በአጀንዳ የተጻፈ ቁጥር እንዳለ ቢዛወር አይሠራም። ሁሉንም በ+251 ጀምሮ መጻፍ ከማንኛውም አገር ለመደወል ያስችላል።

የመስክ ማስታወሻችን ውስጥ ያሉት የቦታ ልኬቶች ደግሞ ለሙያችን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙት የ1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ የእጅ መሣሪያው ከሳተላይት የሚቀበለው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእኛ አገር ከ200 ሜትር ይበልጣል። በሜዳ ላይ ይህ አንድ እርሻ መሳት ነው፤ በሊማሊሞ ገደል ላይ ግን መንገዱን ከገደሉ አፍ ላይ አንሥቶ አየር ላይ ማስቀመጥ ነው። ስለሆነም ከእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ መነሻው ይጻፍ።

ፋይሉ ራሱ ሲዛወር አንድ ተጨማሪ ነገር መታሰብ አለበት። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ አማርኛ በአዲሱ መሣሪያ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ሠንጠረዡ ሲከፈት ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተነገረ ይበላሻል። ስለዚህ ሙሉውን ከማዛወር በፊት ዐሥር ስሞችን ብቻ አዛውሮ መሞከር፣ ከዚያ መላውን ማዛወር፣ በመጨረሻም ቁጥሩን ማመሳከር ተገቢ ነው። ከአጀንዳው 340 ስም ወጥቶ መሣሪያው ላይ 337 ከተገኘ፣ ሦስቱ እስኪገኙ ሥራው አልተፈጸመም።

ስለ ጥበቃ

በኪሳችን የምንይዘው የእኛ ብቻ አይደለም። የሌሎች ሰዎች ስም፣ የይዞታቸው ስፋት፣ የተቀበሉት የካሳ መጠን በእጃችን አደራ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የኅሊና ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ሆኗል። መሣሪያው በምስጢር ቁጥር ይዘጋ፤ ሥራው ሲያልቅ የማያስፈልገው ዝርዝር ይሰረዝ፤ መሣሪያውን ስንሸጥ ወይም ለልጆቻችን ስንሰጥ ውስጡ ፈጽሞ ይጽዳ። ቅጂም ቢያንስ በሁለት ስፍራ ይኑር፤ አንዱ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ቦርሳ የማይጓዝ ይሁን።

የወረቀቱን አጀንዳ ስለ መጣል ለሚጠይቁኝ ሰዎች መልሴ አትጣሉት የሚል ነው። የእኔ አጀንዳ ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። የተሳሳተውን ቀጠሮ ያረምሁት በእርሱ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቴ «ጧት» የሚል ቃል ባይኖረውም፣ ከላዩና ከታቹ ያሉት ቀጠሮዎች የሰዓቱን ነገር ገልጠውልኛል።

በመጨረሻም፣ እኒያ እናት ማሳቸው ከአንድ ሳምንት በኋላ ተለክቶ፣ የውኃ መውረጃው የድንበራቸውን ዛፍ ሳይነካ እንዲያልፍ መሥመሩ በጥቂት ሜትር ተለወጠ። ያን ለውጥ ያመለከቱን እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ሳይገኙ ብንለካ ኖሮ ባልታየ ነበር። መሣሪያ የምንይዘው ከእንደዚህ ያለው ሰው ጋር በተባለው ሰዓት ለመገናኘት ስለሆነ፣ የሚቆጥረው ሰዓት የእርሳቸውም ሰዓት እንዲሆን ማድረግ የእኛ የመሐንዲሶቹ ፈንታ ነው።