የኤሌክትሪክ ዋጋ በሰዓት ሲለያይ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ዶሮ በፋሲካ ዋዜማ እንደሚወደድ የማያውቅ የለም። የኤሌክትሪክ ዋጋም እንደ ሰዓቱ ከፍና ዝቅ ሊል ይገባል ቢባል ግን ብዙ ሰው ይገረማል። ዛሬ ልንገልጽላችሁ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ በቀላሉ አይከተትም፤ በሚፈለግበት ደቂቃ መመንጨት አለበት። ስለዚህ ማመንጫውና መሥመሩ የሚታነጸው ሰው ሁሉ በአንድነት መብራት በሚያበራበትና በሚያበስልበት ሰዓት ልክ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ብዙው ማመንጫ ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ የታነጸበት ብድር ግን አይተኛም፥ ወለዱ ይቆጠራል።

ይህን በማየት በእንግሊዝ አገር በ1978 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር «ኢኮኖሚ ሰቨን» የተባለ ታሪፍ ወጣ። በዚህ ታሪፍ ዋጋው በሌሊት ለሰባት ሰዓታት ይረክሳል፤ በቀረው ጊዜ ግን ከተራው ዋጋ ይበልጣል። አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ ብዙ ቤቶች ውስጡ ጡብ የሞላበት ማሞቂያ አስገቡ። ጡቡ ሌሊት በርካሹ ኃይል ይግላል፥ ቀን ሙቀቱን ቀስ እያለ ለቤቱ ይሰጣል።

ትርፉ ግን ለሁሉ እኩል አይደለም። በሒሳብ እንየው። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ተራው ዋጋ 10 ሳንቲም፥ የሌሊቱ 5፥ የቀኑ 12 ነው እንበል። 100 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት በተራው ዋጋ 10 ብር ይከፍላል። በአዲሱ ታሪፍ 40ውን በሌሊት የፈጀ 9 ብር ከ20 ሳንቲም ይከፍላል፤ 20ውን ብቻ በሌሊት የፈጀ ግን 10 ብር ከ60 ሳንቲም ይከፍላል። ለማትረፍ ከመቶ 29 ያህሉን በሌሊት መፍጀት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ማሞቂያውን ለመግዛት አቅም ያለው በዚህ ይጠቀማል። በኪራይ ቤት የምትኖር፥ ማታ ከሥራ ተመልሳ ለልጆቿ የምታበስል እናት ግን እራቱን ወደ እኩለ ሌሊት ልታዛውረው አትችልም። የሰዓት ዋጋ ምርጫ ላለው ምክር ነው፤ ምርጫ ለሌለው ግን ቅጣት ይሆናል።

ስለዚህ እኛ የሰዓት ዋጋ ይቅር አንልም፤ እውነተኛውን ወጪ ያሳያልና። ነገር ግን ቤተ ሰብ ሁሉ ሒሳቡን አስቀድሞ አይቶ፥ ወዶ የሚገባበት ይሁን እንላለን። ወላጆቻችን ሆይ፥ እንዲህ ያለ ታሪፍ ቢቀርብላችሁ «ርካሹ ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከምንፈጀው ስንቱን ወደ ርካሹ ሰዓት ማዛወር እንችላለን?» በሉ። ይህን ለማስላት የሚበቃ ሒሳብ ልጆቻችሁ እዚህ ተምረናል።