ሒሳብን በቤት ውስጥ በተረትና በጨዋታ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናሳስባችሁ የፈለግነው ስለ ቃል ሒሳብ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ልጆችን ከትምህርት መንገድ ያደናቅፋል። ሰባትና ስምንትን ለመደመር ጣቱን የሚቆጥር ወይም ስልክ የሚፈልግ ልጅ፥ ክፍልፋይና አልጀብራ ሲደርስበት አሳቡ በትንሹ ድምር ላይ ያልቅና ዋናው ጥያቄ ያመልጠዋል። ከዚያም «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ብዙ ወላጆች «እኛ አልተማርንም፤ ይህ የመምህሩ ሥራ ነው» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ገበያ ውላ ያለ እርሳስና ያለ ወረቀት ትርፏን ለይታ የምታውቅ እናት የቃል ሒሳብ መምህርት ናት። የሚጐድለው ዕውቀቷን ለልጇ በጨዋታ ማካፈል ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ገበጣን እንመልከት። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቆፍረን በእያንዳንዱ አራት ጠጠር ብናስቀምጥ፥ ጠጠሩ በሙሉ 48 ይሆናል። ልጁ 29 ቢበላ ለባላጋራው ስንት እንደ ቀረው ሳይቆጥር ይናገር። የጨበጠው ጠጠር የት ጉድጓድ ላይ እንደሚያልቅም አስቀድሞ ይገምት። ተጫዋች ማሸነፍ ስለሚወድ ማሰላሰሉ አይሰለቸውም።

ማታ ደግሞ ተረት አለ። አንድ ሰው ብርቱካን ተሸክሞ ሲሄድ ሦስት ጦጣዎች በሦስት በር ቆመው ጠበቁት። በየበሩ ከያዘው እኩሌታውን እየሰጠ አለፈ፤ ቤቱ ሲደርስ ሦስት ብቻ ቀረው። ሲነሣ ስንት ነበረው? ልጁ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲያጥፍ 6፥ 12፥ 24 ብሎ ይደርስበታል።

ሱቅም ሲላክ እንዲሁ ነው። የ67 ብር ዕቃ ገዝቶ መቶ ብር ቢሰጥ፥ ከ67 እስከ 70 ሦስት፥ ከ70 እስከ መቶ ሠላሳ፥ መልሱ 33 ብር ነው። በዚህ ዓይነት መቀነስን በመደመር ይማራል።

የዘመን አቈጣጠራችንም ጥሩ መልመጃ ነው። የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ለአራት ማካፈል ነው፤ ቀሪው አንድ ሲሆን ማቴዎስ፥ ሁለት ሲሆን ማርቆስ፥ ሦስት ሲሆን ሉቃስ፥ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ይባላል። በ2015 ዓ.ም. 15 ለአራት ሲካፈል ሦስት ስለ ቀረ ዘመኑ ሉቃስ ነበረ፤ ጳጉሜንም ስድስት ቀን ሆነች።

ወላጆቻችን ሆይ፥ አንድ ነገር አደራ እንላችኋለን። ልጁ ሲሳሳት «ደንቆሮ» አትበሉት፤ መልሱንም ቶሎ አትንገሩት። «እንዴት አሰብከው?» ብላችሁ ጠይቁት። የፈራ ልጅ መልሱን ሊገምት ይችላል እንጂ አያስብም። ሲያስረዳ ግን ስሕተቱን ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል።

በየማታው አሥር ደቂቃ ገንዘብ አያስወጣም። መምህራን በክፍል የሚዘሩትን እናንተ በምድጃ ዳር ብትኰተኵቱት፥ ታናናሾቻችን ሒሳብን ሳይፈሩ ወደዚህ ትምህርት ቤት ይመጣሉ።