የማዕድ ቅባትና አጥንት ሠሪ ሕዋሳት
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አጥንት ለብዙ ሰው ሕይወት የሌለው ምሰሶ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ አጥንት ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲታነጽ የሚኖር ሕያው አካል ነው። በአዋቂ ሰው ዘንድ ከጠቅላላው አጥንት 10 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ ይታደሳል። አፍራሾቹ ኦስቲዮክላስት፥ ሠሪዎቹ ኦስቲዮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። አፍራሾቹ በጥቂት ሳምንታት የቦረቦሩትን ለመሙላት ሠሪዎቹ ወራት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ የሠሪዎቹ ኃይል በደከመ ጊዜ አጥንት ይሳሳል፤ አንዲት አረጋዊት እናት ከደጃፋቸው ተደናቅፈው ቢወድቁ የዳሌያቸው አጥንት ይሰበራል።

ቅባት በዚህ ሥራ የሚገባው ከመቅኔ ጀምሮ ነው። በመቅኔ ውስጥ የሚገኘው ግንደ ሕዋስ፥ እንደሚደርሰው ትእዛዝ፥ አጥንት ሠሪ ወይም ስብ አከማች ሊሆን ይችላል። ፒፓር ጋማ የተባለው ፕሮቲን ሲነቃ ሕዋሱ ወደ ስብነት ያዘነብላል፤ ይህን ፕሮቲን ከሚያነቁትም መካከል ፋቲ አሲዶች ይገኙበታል።

ፋቲ አሲዶች ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። በቤተ ሙከራ ፓልሚቲክ አሲድ የበዛባቸው ኦስቲዮብላስቶች ይሞታሉ፤ ኦሌይክ አሲድ ሲታከል ግን ከጉዳቱ ይጠበቃሉ። በከተሞች ገበያ የተስፋፋው የፓልም ዘይት ከፋቲ አሲዱ 44 በመቶ ያህሉ ፓልሚቲክ ነው፤ በቅቤም ብዙ አለ። በኑግ ዘይት የሚያይለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ከእርሱ ሰውነት አራኪዶኒክ አሲድን፥ ከዚያም ፕሮስታግላንዲን ኢ2ን ይሠራል፤ ይህም በመጠኑ ሲሆን አጥንትን ሲያሳድግ፥ ሲበዛ አፍራሾቹን ያበረታል። ከተልባ ዘይት ግን ከግማሽ የሚበልጠው ኦሜጋ 3 የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው።

እንግዲህ ለታማሚው ምን ይነገር? በብልቃጥ የታየ ሁሉ በሰው ላይ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ኦሜጋ 3 በሰዎች የተፈተነባቸው ጥናቶች ውጤትም እርስ በርሱ አልተስማማም። ተልባ፥ ካልሲየምን፥ ከፀሐይ የሚገኘውን ቫይታሚን ዲንና የአካል እንቅስቃሴን ሊተካ አይችልም። ቅባትን ፈጽሞ መከልከልም ስሕተት ነው፤ ቫይታሚን ዲ ከምግብ ወደ ደም የሚገባው በቅባት አጋዥነት ነውና። የባለሙያው ተግባር፥ ታማሚው ምን ያህል ቅባት እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን፥ በድስቱ የሚገባው የትኛው ዘይት እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ መልሱ ግን ከስብራት በፊት ሊገኝ ይገባል።