የኅዳር በሽታና ውሃ የሚያቀብል ሰው
(በዋጫ ከተማ ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በሕዝባችን ዘንድ «የኅዳር በሽታ»፣ አንዳንዴም «የነፋስ በሽታ» እየተባለ የሚጠራው ወረርሽኝ ነው። የቀረው ዓለም «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» ይለዋል። ስሙ ግን እስፓኝን በደለ እንጂ መነሻውን አላመለከተም። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የሕመሙን ወሬ በጋዜጣ እንዳይወጣ ሲያፍኑ፣ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው እስፓኝ በግልጽ ስለ ጻፈች ብቻ ስሙ በእርስዋ ላይ ቀረ። ቀደም ብለው ከተመዘገቡት ሕሙማን መካከል በመጋቢት 1910 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት በሚገኝ የጦር ሰፈር የታመሙት ወታደሮች ይገኙበታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዓለም ሕዝብ ሲሶው ያህል እንደ ታመመ፣ የሞተውም ወደ 50 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአውሮፓው ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። ዓለም በዚህ ደስ ባለው ሰሞን አዲስ አበባ ሐዘን ተቀመጠች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ በሽታው ከኅዳር 7 እስከ 20 እንደ በረታና በከተማይቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደ ጨረሰ ገልጸዋል። እርሳቸውም በዚያን ጊዜ ራስ ተፈሪ ተብለው በአልጋ ወራሽነት ሳሉ ክፉኛ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ዕድሜያቸው 26 ዓመት ነበር። ይህንን ዕድሜ ልብ በሉልኝ፤ ሌላው ጉንፋን ሕፃንንና ሽማግሌን ሲወስድ፣ ይኸኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን፣ ቤቱን ደግፎ የያዘውን ጎልማሳ ለይቶ የመታ ነበርና።

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሰውና ዕቃ በፍጥነት የሚመላለስበት መንገድ ሲከፈት ለበሽታም አብሮ እንደሚከፈት የዚያ ዘመን ሰው ገና አልለመደውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሌላ ሕመም ጊዜ አንዱ ሲተኛ ሌላው ያስታምማል፤ የቤቱ ሰው ሲደክም ጎረቤት ይደርሳል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ግን ባልና ሚስት፣ ልጅና አሽከር፣ ጎረቤትም ጭምር በአንድ ሳምንት ወደቁ። ውሃ የሚቀዳ፣ እህል የሚፈጭ፣ እሳት የሚያነድ አልተገኘም። ትኩሳት የያዘው ሰው ከእንስራው ጥቂት ክንድ ርቆ በጥም ይቃጠል ነበር። ብዙዎቹን የገደለው ከጉንፋኑ በኋላ የተከተለው የሳንባ ምች ነው፤ ፔኒሲሊን ሊገኝ ገና አሥር ዓመት ይቀረው ነበር። የጉንፋኑ ቫይረስ ራሱ ከሰው ላይ የተለየው በ1925 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሐኪም ቢኖርም በእጁ የነበረው ጥቂት ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ አጥሚት፣ ውሃ፣ ሙቀትና ዕረፍት ያገኘ ሕመምተኛ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነበር። መኰንኑ ይህን የሚያደርግለት ብዙ እጅ ነበረው፤ ድኻው ከገዛ ቤተ ሰቡ በቀር ማንም አልነበረውም።

የመቃብር ነገር ደግሞ ለመናገር ይከብዳል። ቆፋሪ ስለ ጠፋ ብዙ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ፤ ጉድጓዱም ጥልቀት ስላልነበረው የጅብ ሲሳይ የሆነ አለ። ሙታኑን አልቅሶ፣ አስፈትቶ፣ ተዝካር አውጥቶ መሸኘት ለለመደ ሕዝብ ይህ ከሞቱ የማይተናነስ ሐዘን ነበር።

ከዚያ ዘመን በሰፊው የቀረልን መታሰቢያ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ነው። «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። ጢሱ ክፉውን አየር ያባርራል የሚለው አሳብ ለዘመኑ ሰው አያስነቅፍም፤ በአውሮፓም የታወቁ ሊቃውንት መንሥኤው ባክቴሪያ ነው ብለው ተሳስተው ነበር። ግቢን ማጽዳቱ መልካም ነው። ጢሱ ግን፣ በተለይ ላስቲክ ሲቃጠል፣ ሳንባ ለሚያመው ሰው ጠላት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ ጢሱን ስናስታውስ ውሃ አቀባዩን ረሳነው።

በከፋ ምድር ሆነን ይህን ስንነጋገር የአገሩን ጠባይ ማሰብ ይገባናል። ሕዝቡ ከ1889 ዓ.ም. ዘመቻና ከዚያ በኋላ ከደረሰበት መከራ ገና ሳያገግም ነው ያ ዘመን የመጣው። ቡናው፣ ማሩ፣ ሰሙና ዝባዱ በበቅሎ ተጭኖ በጅማ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ነጋዴውም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ከፋ እንሰት አለው። ከጉድጓድ የሚወጣ ቆጮ፣ ጤፍ ለቅሞና ፈጭቶ ከመጋገር ይልቅ ለደከመ ቤት ይቀላል። ቆጮውን የሚፍቁትና የሚጋግሩት ግን ሴቶች ናቸው፤ እነርሱ ሲተኙ ጉድጓዱ ቢሞላም ምድጃው ይጠፋል። ቤቶቹም ተራርቀው የተሠሩ ናቸው። መራራቁ ተላላፊ በሽታን ሊያዘገይ ይችል ይሆናል፤ ግን ጭስ ያልወጣበትን ጎጆ ማንም ሳያይ ሁለት ቀን ሊያልፍ ይችላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና በአገራችን መገኘቱ በታወቀ ጊዜ እጅ መታጠብንና መራራቅን አስተማርን። ትምህርቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ቡና ተጣጥቶ የሚውለውን ጎረቤት «አትግባ» ስንለው፣ ደጃፍ ላይ ምን አስቀምጦ እንደሚሄድ ጨምረን መንገር ነበረብን።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከዕድር ዳኞች ጋር ተቀምጠው፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን፣ ሕፃናት ይዘው የቀሩትን እናቶች፣ ከወንዝ የራቁትን ቤቶች ይመዝግቡ። በእያንዳንዱም ስም አንጻር ወረርሽኝ ቢነሣ ውሃና አጥሚት የሚያደርሱ ሁለት ሰዎች ይጻፉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲተካ ነው ሁለት ያልሁት። እነዚህም ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው እንዴት እንደሚገቡና እንደሚወጡ አስቀድመው ይማሩ። ዕድራችን ለቀብር ድንኳንና ገንዘብ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ለሕመምተኛውም እንዲሁ ሊዘጋጅ ይችላል። የመዝገቡን ቅጽ በረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ በቡድን ስትቀመጡ እንድታርሙት እለምናለሁ።